በሩን የያዘው ጃንጥላ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለችው የኪራይ ቤቴ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው የምውለው። ጎረቤቶቼ «ሙቀቱ በዝቶባት ነው» ይላሉ። ዝንብ ይገባል፣ አቧራ ይገባል፣ የሰው ዶሮ እንኳ ገብታ አልጋዬ ሥር እንቁላል ትጥላለች። ሰው ግን እምብዛም አይገባም። ጡረታ ስወጣ ሥራው ቀረ፤ ልማዱ ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ከተዘጋ በር ጀርባ መቀመጥ አልችልም።

የተወለድሁት ጎጃም፣ ብቸና አጠገብ ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት አስተማሪ የነበረውን ባለቤቴን ተከትዬ ነው። እሱ እዚሁ አረፈ፤ ልጅም አልነበረን። መቃብሩን ትቼ መሄድ አልሆን ስላለኝ ቀረሁ። ከሚሌኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት በአሠልጣኝነት ሲቀጥረኝ፣ እኅቴ ከብቸና ደወለች።

«ምንድን ነው ሥራው?»

«ካህናት አሠለጥናለሁ።»

ሳቋን ለቀቀችው። «አንቺ? እነሱ አንቺን ቢያሠለጥኑ ነው እንጂ! ምን ልታስተምሪያቸው ነው፣ ቅዳሴ?»

«ጥንቃቄ።»

«የምን ጥንቃቄ?»

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት። አልተቋረጠም ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሥራዬ ካህናትን፣ ዲያቆናትን፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትንና የሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎችን፣ በአገልግሎት ስም ሴትና ሕፃን እንዳይደፈር እንዴት እንደሚጠብቁ ማሠልጠን ነበር። ይህን በስልክ ለእኅት እንዴት ይሉታል? ከዚያ በኋላም በደወለች ቁጥር ስለ ጤናዬና ስለ ዝናቡ ነበር የምናወራው።

አለቃዬም ቢሆኑ ቃሉን ፈርተውት ነበር። መጀመሪያ የጻፍሁትን ርእስ አይተው፣ «ይህን ለጥፈሽ ማን እንዲመጣልሽ ነው? የመጣው ሁሉ ተከሳሽ ሊመስል አይደለም እንዴ!» አሉኝ። «የመንፈሳዊ አገልግሎት ሥነ ምግባር» ብለን ለወጥነው። ሰው መጣ። አበሉም ሳያግዝ አልቀረም።

ቢመጡም አቀባበላቸው እንዲህ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሥልጠና አንድ ጠና ያሉ ቄስ ከኋላ ተነሥተው፣ «እሜቴ፣ ጅቦች ናችሁ ብላችሁ ነው የጠራችሁን?» ብለው ጠየቁኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካህን ፊት ቀና ብዬ መናገር ያላደግሁበት ነገር ነው።

የመለሱላቸው ቀሲስ ይትባረክ ናቸው። «ጅብስ አይደለህም፤ በረት ጠባቂ ነህ» አሏቸው። «ግን በረት ጠባቂ ጅቡ በየት በኩል እንደሚገባ ካላወቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምኑን ጠበቀ?»

ሳቁ ወደዚያኛው ዞረ። ቄሱም አብረው ሳቁ።

ቀሲስ ይትባረክ የጋሞ ደጋ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ቁራሽ እየለመኑ የተማሩ። ጽሕፈት ቤቱ ከእኔ ጋር እንዲሠሩ መድቧቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የክርስትና ስሜን ጠይቀው «ወለተ ሥላሴ» ነበር የሚሉኝ። በዚህ አገር በዚህ ስም የጠራኝ ሌላ ሰው የለም። «ከአገርሽ ይዤ የመጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ ቅኔና የውሻ ንክሻ» ይሉና የቁርጭምጭሚታቸውን ጠባሳ ያሳዩኝ ነበር።

እጀታው የተሰነጠቀ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ነበራቸው። ሴት ወይም ልጅ ሊያነጋግራቸው ወደ ክፍል ሲገባ፣ ጃንጥላውን በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ይሸጉጡታል፤ በሩ አይዘጋም። ንስሐ የሚሰሙትም ግቢው መካከል፣ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነው። «ሁሉ የሚያየው፣ ማንም የማይሰማው ቦታ ምረጡ» ይሉ ነበር ለሠልጣኞች። እኔ በወረቀት የያዝሁትን ሁሉ እሳቸው በዚህች ቃል ጨረሱት።

ለምን ጃንጥላውን እንደማይረሱት አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። ከጨንቻ ስንወርድ ነበር፣ መኪና ውስጥ። ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «ልጅ ሆነን፣ አብሮኝ የሚማር ጓደኛ ነበረኝ። በር ተዘጋበት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

አሠራራችን ዙር ነበር። ትምህርት ከመጀመራችን በፊት ሠልጣኞቹን ይዘን የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እንዞራለን። ልጅ ከአዋቂ ጋር ብቻውን ሊሆን የሚችልበትን ጥግ ሁሉ እንዲያሳዩን እንጠይቃለን፤ የዕቃ ቤቱን ጓሮ፣ የጠበሉን ከለላ፣ የተማሪዎቹን ጎጆ፣ መዘምራን ልብስ የሚለውጡበትን ክፍል። ከኅብስት መጋገሪያው፣ ከቤተ ልሔም ስንደርስ እኔ ከደጅ እቆማለሁ፤ ሴት አትገባበትም። ስለዚህ «ውስጡ ስንት ሰው ይሠራል? መስኮት አለው? ቁልፉ ማን ዘንድ ያድራል?» እያልሁ ከውጭ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ። ግማሽ ዙር ሳይሄዱ ዝም ይላሉ። ሁሌም አንድ ሰው፣ አንድ ጥግ ላይ ሲደርስ ዓይኑን መሬት ይተክላል። ያን ሰው በኋላ ለብቻው ቀሲስ ያነጋግሩታል፤ ዋርካ ሥር።

ከባዱ ጥያቄ ሁልጊዜም አንድ ነበር፤ «በንስሐ የሰማሁትንስ?»

«ምስጢሩን አታወጣም» ይላሉ ቀሲስ። «ቀኖናውን የምትሰጠው ግን አንተ ነህ። ጹም፣ ስገድ ብለህ ብቻ አትልቀቀው። ‘ከልጆች መካከል ውጣ’ በለው። ካልወጣ አትፍታው። የተጎዳችው ከነገረችህ ደግሞ፣ ‘ይህን ሸክም ይዤልሽ የት ልሂድ?’ ብለህ እሷኑ ጠይቃት።»

የሥራው ሌላ ገጽ ብቸኝነቱ ነው። የጽዋ ማኅበር ገብቼ ነበር። ሴቶቹ ይወዱኛል፤ ግን እኔ ስቀመጥ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። የካህናቱ ሚስቶች «ምን ሰማሽ?» በሚል ዓይን ያዩኛል። የሰማሁትን ደግሞ ለማንም አልናገርም። እየቆየ፣ ተራዬ ሲደርስ ብቻ የምጠራ ሆንሁ። እኔም አልፈረድሁባቸውም፤ የሰውን ነውር የያዘች ሴት አጠገብ ማን ዘና ብሎ ይቀመጣል?

የሚቀርቡኝ ቀሲስና አስተርጓሚዬ ድንቅነሽ ብቻ ነበሩ። ድንቅነሽ የጋሞ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «እትዬ፣ አንተ ለምን አትበላም? የሽፈራውን ቅጠል እኔ ነኝ የቀቀልኩት!» ስትለኝ እስቃለሁ። እንድታርመው አልነገርኋትም። በእኔ ቤት ውስጥ የሚሰማ ሳቅ ያ ብቻ ነበር።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልጻፍ።

ከካምባ ወዲያ ያለች አጥቢያ ናት፤ ስሟን አልጠራም። ልጅቷን ወርቅነሽ እላታለሁ፤ ስሟ አይደለም። መዝሙር የምታጠና ለጋ ልጅ ነበረች። መዝሙር አስጠኚው፣ ሰው የሚያከብረው፣ ድምፀ መልካም ሰው፣ ሌሎቹን አሰናብቶ እሷን ያስቀራት ነበር። ያደረገውን አልጽፍም።

እኛ እዚያ አሠልጥነን ከተመለስን ጥቂት ቆይቶ ወርቅነሽ ለቄስ መኩሪያ ነገረቻቸው። ቄስ መኩሪያ ከሠልጣኞቻችን ሁሉ ይበልጥ ንቁ ነበሩ። የተማሩትን አንድ በአንድ አደረጉ። ዛፍ ሥር አስቀመጧት፤ አልተቆጧት፣ አልጠረጠሯት፣ «አምንሻለሁ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ደወሉ። እንደማልቀር ነገርኋቸው። ዝናቡ ግን መንገዱን ቆርጦት ነበርና መኪና እስኪያልፍ ቆየሁ።

ከድንቅነሽ ጋር ስደርስ ቄስ መኩሪያ ከሩቅ እጃቸውን እያውለበለቡ መጡ። ፊታቸው በርቷል። «ጨረስነው እኮ፣ እሜቴ! በሰላም! በዕርቅ!»

በጋሞ ልማድ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ እንቢ አይባልም። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ በዚያ ሣር ጠባቸውን አቁመዋል። እንቢ ያለ ጎሜ ይሆንበታል፤ ርግማኑ ለዘር ይተርፋል። እኔ ከመጣሁበት አገር እንዲህ የሚያምር ነገር አላየሁም፤ አሁንም እላለሁ። ቄስ መኩሪያ የሰሙትን ይዘው የሄዱት፣ አባቶቻቸው ከባድ ነገር ሁሉ ይዘው ወደሚሄዱበት ነው፤ ወደ ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ሜዳ። ሽማግሌዎቹም መዝሙር አስጠኚውን መካከላቸው አድርገው፣ ሣር ይዘው፣ በዚያ ዝናብ በልጅቷና በአባቷ ፊት ተንበረከኩ። ሰውየው አለቀሰ። ዕርቁ ወረደ። በእሑዱ መዝሙሩን ያስጠናው እሱ ነበር።

ሦስት ቀን ስናሠለጥን፣ ሁለት ቀን ተኩሉን ያስተማርነው መስማትን ነው። ከሰሙ በኋላ የሚሆነው፣ ጤና ጣቢያው፣ ፖሊሱ፣ ሰውየው ወዲያው ከልጆች መለየቱ፣ ለመጨረሻው ከሰዓት የተተወ ነበር። በዚያ ከሰዓት ደግሞ ግማሹ ሰው መኪና እንዳያመልጠው ይነሣል፤ ግማሹ የምስክር ወረቀቱን ይጠብቃል። ቄስ መኩሪያ ያጠፉት ነገር አልነበረም። እኛ ያልሞላነውን ቦታ በሚያውቁት መልካም ነገር ሞሉት።

ወርቅነሽን ደጃፋቸው ላይ አገኘናት። በቆሎ ትፈለፍል ነበር፤ ቀና አላለችም። ድንቅነሽ ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ እሷም በጋሞኛ ዝግ ብላ ተናገረች። ድንቅነሽ ስትተረጉምልኝ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር።

«‘አያቴ ከመካከላቸው ነበረ’ ይላል። ‘ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ነው። እኔ ሣሩን እስክቀበል አይነሣም። ታዲያ አያቴን ጭቃ ውስጥ ልተወው?’ ይላል፣ እትዬ።»

አጠገቧ ተቀምጬ በቆሎ ፈለፈልሁ።

ወረዳ ፖሊስ ሄድሁ። አባቷ ተጠርቶ፣ «ታርቀናል» አለ፤ ነገሩ እዚያው ሞተ። ቀሲስ ይትባረክ ያንን መንገድ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው መጡ፤ ያኔም ጉልበታቸው ያማቸው ነበር። ሽማግሌዎቹን ዱቡሻው ላይ በቋንቋቸው አነጋገሩ።

«ዕርቃችሁን አላፈርስም» አሏቸው። «ቂሙን አቁማችኋል፤ እሰየው። ግን ሣር ይዛችሁ የለመናችሁት አንዲትን ልጅ ነው። እሑድ እሱ ፊት የሚቆሙትን ልጆች ማን ለመናቸው?»

የወርቅነሽ አያት ጋሽ ቶማ፣ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት፣ መሬት መሬት እያዩ መለሱ። «ሣር ከተሰጠ በኋላ ነገር አይነሣም።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

መዝሙር አስጠኚው ጥቂት ቆይቶ ከዚያ ሄደ ተባለ። የት እንደሄደ የነገረን የለም። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አሉ ቀሲስ ሲሰሙ። ከእሱ እንዲጠነቀቁ የላክነው መልእክት በየአጥቢያው ይድረስ አይድረስ አላወቅንም።

ወርቅነሽም ሄደች። ከጊዜ በኋላ አንድ ጧት በኩልፎ ወንዝ በኩል ሳልፍ፣ ከሙዝ እርሻው ዳር፣ ጋሪ ላይ ሙዝ ከሚጭኑት መካከል አየኋት። ተሳሳምን። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ቆሜ ሰላም እላታለሁ፤ እሷም አማርኛ እየለመደች መጣች። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ?» አልኋት።

«አልሄድም። ቅዳሴ ስሰማ የአያቴ ጉልበት ነው የሚታየኝ።» ሙዙን ተሸክማ ሄደች። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እኔም በበዓል ቤቴን ሣር አልጎዘጎዝሁም።

ሥልጠናውን ገለበጥነው። የመጨረሻው ከሰዓት የመጀመሪያው ጧት ሆነ። ሽማግሌዎችንም መጥራት ጀመርን። ይመጣሉ፤ በአክብሮት ይሰማሉ፤ ሣሩ ላይ ስንደርስ ግን ፊታቸው እንደ በር ይዘጋል። ጎጃሜ ሴት ስለ ሣራቸው ልትነግራቸው! ጋሽ ቶማም ይመጡ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሳይናገሩ ይሄዳሉ።

እንዲህ እያለ፣ ከምዕራብ ዓባያ በኩል አንድ አባት ተነሥቶ ሰው እያጠያየቀ ካምባ ድረስ መጣ። ስለ መዝሙር አስጠኚው ነበር። የእሱም ልጅ ትንሽ ናት። «ይህን ሰው እናንተ ዘንድ የሚያውቀው አለ?» እያለ ከቤት ቤት ሲጠይቅ፣ የደረሰው ጋሽ ቶማ ዘንድ ነው።

ጋሽ ቶማ ዱላቸውን አንሥተው ከአባትየው ጋር ወረዱ። ፖሊስ ፊት ቀርበው፣ «እኔ አውቀዋለሁ፤ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ» አሉ። መዝሙር አስጠኚው በዚያችኛዋ ልጅ ጉዳይ ተፈረደበት። ሲመለሱ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፣ «የልጄን ልጅ አሳዪኝ» አሉኝ።

ኩልፎ ወሰድኋቸው። መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው ከቦዩ ዳር ሣር ነጩ። «ጋሽ ቶማ፣ ደግሞ?» አልኋቸው። ወርቅነሽ ከሙዙ መካከል ስትወጣ ሣሩን ይዘው ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። መሬት ሳይነኩ ሮጣ ያዘቻቸው። ክንዳቸውን ደግፋ አቆመቻቸው። በጋሞኛ ነበር የሚነጋገሩት፤ ጥቂት ቃል ነው። ከዚያ እጃቸውን ፈትታ፣ ሣሩን ከመዳፋቸው ወስዳ፣ ለጋሪው አህያ ሰጠችው።

ጋሽ ቶማ አህያዋን እያዩ ቆዩ። ከዚያ ሳቁ፤ እንባቸውም ይወርድ ነበር።

በሚቀጥለው ሥልጠና ከበሩ አጠገብ ተነሥተው፣ «ሣር ቂም ለመሻር ነው፤ ቁልፍ ለመስጠት አይደለም» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ከብት የበላ ጅብ ቢታረቅም በረት አያድርም።» ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ስለ ሣሩ መናገር አላስፈለገኝም።

ቀሲስ ይትባረክ ይህን ሰምተው ነው ያረፉት። ጃንጥላውን ለእኔ እንዲሰጡኝ ለልጆቻቸው ተናዝዘው ነበር። እኔም ብዙ ሳልቆይ ጡረታ ወጣሁ። በእኔ ቦታ የገባችው ወጣት በግድግዳ ላይ ሥዕል እያበራች ታስተምራለች፤ ጎበዝ ናት። ዙሩን እንዳትተወው ብቻ ለመንኋት። ድንቅነሽ ባል አግብታ ሐዋሳ ገባች፤ «እትዬ፣ አንተ ደህና ነህ?» ትለኛለች በስልክ። እኅቴም ትደውላለች። «ምን ታደርጊያለሽ እዚያ ብቻሽን? አትመጪም?» ትለኛለች። «በር እጠብቃለሁ» እላታለሁ። አሁንም ቀልድ ይመስላታል።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል ወርቅነሽ ናት፤ ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛለች። ግቢ ብላት እንቢ አለች። በርጩማ አውጥቼ ደጅ ላይ ተቀመጥን፤ ሁሉ በሚያየን፣ ማንም በማይሰማን ቦታ።

«ሰንበት ትምህርት ቤት ልግባ እያለች ታለቅሳለች» አለችኝ ልጅቷን እያሳየች። «ጓደኞቿ ስለሚሄዱ ነው። እኔ ደግሞ...» የልጅቷን ነጠላ አስተካከለች። ከዚያ፣ «ካህናቱን የምታዞሪው ዙር አለ ይባላል። እኔን አዙሪኝ።»

በማግሥቱ ጃንጥላዬን ይዤ ጓደኞቿ ወደሚማሩበት ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ወርቅነሽ የግቢውን በር ሳትሳለም ገባች። ዕቃ ቤቱን፣ የልብስ ክፍሉን፣ የጠበሉን ከለላ፣ ሁሉን በእጇ እየነካች አየች። እኔ ያላሰብሁትን ጥግ እንኳ አገኘች፤ ከደወሉ ማማ ሥር። «ይህ መታጠር አለበት» አለች። የደብሩን አለቃ ጠርቼ አሳየሁ። ዘበኛው እያዩን ቆይተው፣ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ።

«ምንም አልጠፋም» አለች ወርቅነሽ። «እንዳይጠፋ ነው።»

ልጅቷ ክፍል ገባች። እኛ ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። መዝሙር ተጀመረ። ከዓባያ በኩል ነፋስ ተነሥቶ የክፍሉን በር ገፋው፤ መዝጊያው ቀስ እያለ መጣ። ልነሣ ስል ቀደመችኝ። ጃንጥላውን ከእጄ ወስዳ፣ ሄዳ፣ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ሸጎጠችው። አስጠኚዋ ከውስጥ ቀና ብላ አይታት ራሷን ነቀነቀችላት። ወርቅነሽ ወደ ድንጋዩ አልተመለሰችም። ጉባኤው እስኪያልቅ እዚያው በሩ አጠገብ ቆመች።

ጃንጥላውን እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም። እኔ በሬን በድንጋይ አስይዤዋለሁ። ዝናቡ ገብቷል፤ ከቅዳሴ ስመለስ እየበሰበስሁ ነው የምሄደው። አልጠይቃትም።